ንፋሱን ቀንሱ፣ ሰውየውን ተዉልን
(ጅግጅጋ ላይ ለቪዲዮ ሠሪ ወጣቶች የቀረበ ንግግር)



ካሜራ ይዞ ካራማራ የወጣ ሰው ዓይኑ ሜዳው ላይ ነው። ማይኩ ግን የሚሰማው ንፋሱን ነው። የጅግጅጋን ንፋስ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የነበረ የ20 ዓመት ወታደር ዛሬ ወደ 70 ተጠግቷል። ደግመን የምንቀዳበት ዕድሜ ላይኖር ይችላል። ያለንን ቅጂ ማዳን አለብን።

ጥፋቴን ልናገር። አንድ አባት ውጊያውን ሲተርኩልኝ ቀዳኋቸው። ንፋሱ ሲያስቸግረኝ ፕሪሚየር ላይ ዲኖይዝ የሚባለውን ኢፌክት ክሊፑ ላይ ጣልኩና እስከ ጥግ ገፋሁት። ንፋሱ ጠፋ፤ ሰውየውም አብረው ጠፉ! ድምፃቸው ከውኃ ውስጥ የሚወጣ መሰለ። ባሰማቸው «ልጄ፣ ይሄ ማነው?» አሉኝ።

እንዲህ አድርጉ። ከኦዲዮ ኢፌክትስ ሃይፓስን ጎትታችሁ ክሊፑ ላይ ጣሉት፤ ኢፌክት ኮንትሮልስ ገብታችሁ 80 ኸርዝ አካባቢ አቁሙት። የንፋሱ ጉርምርምታ በብዛት እዚያ ታች ነው፤ የወንድ ድምፅ ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ዲኖይዝ፣ በጥቂቱ። ኮምፕረሰር መጨረሻ። ፕሪሚየር ኢፌክቶቹን ከላይ ወደ ታች በተራ ነው የሚሠራቸው፤ ኮምፕረሰሩን ካስቀደማችሁት የተረፈውን ንፋስ ከድምፁ ጋር ያነሳባችኋል። ቤት ውስጥ ተቀድቶ የመብራት እምምታ ካለው ዲሃመርን 50 ኸርዝ ላይ አድርጉ፤ የኛ መብራት 50 ነው።

ዲኖይዝን በጥቂቱ ያልኩት በምክንያት ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ለማሽኑ ንፋስ ይመስሉታል። ሶማልኛ ላይ ይብሳል፤ «ሐ» እና «ሀ» የተለያዩ ድምፆች ናቸው፣ አንዱ ሲደበዝዝ ቃሉ ሌላ ይሆናል። የቶጎ ውጫሌ ወይም የቀብሪበያህ ሽማግሌ በሶማልኛ የነገሯችሁን፣ ቋንቋውን አፍ የፈታበት ልጅ ሳያዳምጠው አትልቀቁ። ደግሞ ለአንዱ ክሊፕ ያስተካከላችሁትን ቁጥር ለሁሉም አትለጥፉ፤ የገበያ ጫጫታና የተራራ ንፋስ አንድ አይደሉም።

ማይኩን ያስጮኸ፣ የተሰነጠቀ ድምፅን ግን ኢፌክት አይመልሰውም። ስትቀዱ አባትን ከግድግዳ ጀርባ አስቀምጧቸው፤ ማይኩን ስፖንጅ አልብሱት።

አንድ የማልወደው ነገር አለ። ከምስክርነት ሥር ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን የመድፍ ድምፅ ትጨምራላችሁ። ያ መድፍ ካራማራ አልነበረም! ነገ ታሪኩን መካድ ለሚፈልግ ሰው ሰበቡን የምንሰጠው እኛው ነን። ደግሞ ይሄን ቪዲዮ የሚያዩት በዚያ ጦርነት ቤታቸው የፈረሰ፣ ልጅ የቀበሩ የዚህ ከተማ እናቶች ናቸው። የሽማግሌው ትንፋሽ ይበቃቸዋል።

ኦሪጅናሉን ፋይል እንዳታጠፉ። ፍላሽ ያመጣችሁ ወደ ፊት ኑ፤ አንድ ክሊፕ አብረን እንክፈት።