በዴምፕስተር አውራ ጎዳና ለመጓዝ የሚያስፈልግ ዝግጅት

አንደኛ አቅራቢ፦ በካናዳ ዩኮን ግዛት፣ ከዶውሰን ከተማ አቅራቢያ ተነሥቶ በቶምብስቶን ተራሮች በኩል ወደ ኢኑቪክ ከተማ የሚዘልቀው የዴምፕስተር አውራ ጎዳና፣ 736 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝምና እ.ኤ.አ. በ1979 የተከፈተ የጠጠር መንገድ ነው። ጠጠሩ በወፍራሙ የተደለደለው ፐርማፍሮስት፣ ማለትም ዓመቱን ሙሉ በረዶ ሆኖ የሚቆየው የከርሰ ምድር አፈር፣ ቀልጦ መንገዱ እንዳይሰምጥ ለመከላከል ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይኸው ጠጠር ጎማን ክፉኛ ስለሚጎዳ ተጓዡ ከአንድ በላይ ትርፍ ጎማ ሊይዝ ይገባዋል፤ ከመነሻው አንሥቶ ኢግል ፕሌንስ እስከተባለው ማረፊያ ድረስ ባለው 369 ኪሎ ሜትር የነዳጅ ማደያ ስለሌለም ነዳጅ ሞልቶ መነሣት ግድ ይሆናል።

አንደኛ አቅራቢ፦ መንገዱ የፒልንና የማኬንዚን ወንዞች በሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ድልድይ ስለሌለ፣ ተሽከርካሪዎች በሞቃቱ ወራት በጀልባ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ በረጋው በረዶ ላይ ይሻገራሉ፤ ወንዞቹ በሚረጉበትና በሚቀልጡበት ሰሞን ግን መሻገሪያ አይኖርም።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ምድሩ በከፊል የግዊችን ሕዝብ ርስትና ካሪቡ የተባለው የሰሜን አጋዘን መንጋ የሚዘዋወርበት በመሆኑ፣ አድማጮች የመንገዱን ሁኔታ አስቀድመው እንዲያጣሩ፣ ለመንጋው ቆመው እንዲያሳልፉና ቆሻሻቸውን ይዘው እንዲመለሱ አደራ ይባላል።