አልጋውን የጫነችው እህታችን

(የቤት ዕቃ ኮሚቴ በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



የኛ ኮሚቴ ሪፖርት ሁልጊዜ አጭር ነው። ስንት ቤት በዕቃ እንደሞላን፣ ስንት ዶላር እንዳወጣን ተናግረን እንቀመጣለን። የዘንድሮው ሒሳብ ታትሞ በእጃችሁ ስላለ፣ የተሰጠንን ጊዜ ለሌላ ጉዳይ እንድናውለው ፍቀዱልን። የምንናገረው ስለ ራሳችን ስህተት ነው፤ በመጨረሻም ውሳኔያችሁን እንጠይቃለን።

ባዶ አፓርታማ ውስጥ ልጆችን ወለል ላይ ማስተኛት ምን እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ይህ ፈንድ የተቋቋመውም ለዚህ ነው። አዲስ ለመጣች እናት አልጋ፣ ፍራሽ፣ ጠረጴዛ ከነወንበሩ፣ ባለ መሳቢያ ቁም ሳጥን እንገዛለን። ስንገዛ የነበረን መመሪያ አንድ ብቻ ነበር፦ ከሁሉ የረከሰውን ፈልጉ። ከአንድ አልጋ 40 ዶላር ቢተርፍ ለሌላዋ እናት ፍራሽ መግዣ ይጨመራል። ይህ ሒሳብ አሁንም ስህተት ነው አንልም። ግን ጎዶሎ ነበር።

ባለፈው መኸር ለአንዲት እናት የገዛነውን ዕቃ ስንከፍት፣ ልታግዘን የመጣች እህታችን ካርቶኑ ላይ ያለውን ምልክት አይታ፣ «ይሄን እኮ እኛ ነን የምንጭነው!» አለች። ዕቃውን የገዛንበት ሱቅ መጋዘን ውስጥ ትሠራ ኖሯል። መጀመሪያ ሁላችንም ሳቅን። ቡና ስንጠጣ ግን ነገሩን ዘርዝራ ነገረችን። ሥራ በሚበዛበት ሳምንት 55 ሰዓት ትሠራለች። የ40 ሰዓቱ በአንድ ቼክ ይከፈላታል፤ የቀረው 15 ሰዓት የሌላ ድርጅት ስም ባለበት ሌላ ቼክ ይመጣል፤ ሒሳቡም ያው የመደበኛው ሰዓት ነው። ኦቨርታይም የሚባል ነገር አንድም ቀን አላየችም። ለሁለት ሰው የሚከብደውን ካርቶን ብዙ ጊዜ ለብቻዋ ታነሣለች። «ለምን አልጠየቅሽም?» አልናት። «ሥራውን ባጣውስ?» አለችን።

ከዚያ ሱቅ ሦስት ጊዜ ገዝተናል። «ከማንም ይረክሳል» ብለን ለእናንተም ነግረናል። የሱቁን ስም ዛሬ አንጠራም፤ ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ነው። ይህን የምንነግራችሁም በእህታችን ፈቃድ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕጉን ማጠያየቅ ጀመርን። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው የፌዴራል የሥራ ሕግ፣ በሰዓት ተከፋይ የሆነ የመጋዘን ሠራተኛ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራው ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ተኩል ጊዜ እንዲከፈለው ያዛል። መጋዘኑ ያው፣ አለቃው ያው፣ ሥራውም ያው ከሆነ ክፍያውን በሁለት ቼክ መክፈል ከዚህ ግዴታ አያስመልጥም። ለምሳሌ በሰዓት 16 ዶላር ብንል፣ በ15 ሰዓት የሚጎድለው 120 ዶላር ነው፤ ያውም በአንድ ሳምንት። ከአልጋው ላይ ተረፈን ስንል የነበረው 40 ዶላር ከማን ኪስ ሊወጣ እንደሚችል ያን ጊዜ ገባን።

«እንግዲያው ከትልቁና ከታወቀው ሱቅ እንግዛ» ያሉ የኮሚቴው አባላት ነበሩ። ይህንንም አየነው። አይኪያ በርካሽ የቤት ዕቃ በዓለም የታወቀ የስዊድን ኩባንያ ነው። በምንኖርበት በቨርጂኒያ፣ በደቡቡ ጫፍ ዳንቪል በምትባል ከተማ፣ በ2008 ስዊድዉድ በተባለው ቅርንጫፉ በኩል ፋብሪካ ከፍቶ መደርደሪያና ጠረጴዛ ያመርት ነበር። የስዊድን ሠራተኛ በሕግ በዓመት የአምስት ሳምንት ፈቃድ ከነደመወዙ አለው። የዳንቪሉ ሠራተኛ ግን 12 ቀን ብቻ ነበረው፤ የሰዓት ክፍያውም ከስዊድኑ በብዙ ያንሳል፤ በግዴታ ስለሚያሠሩት ትርፍ ሰዓትም ያማርር ነበር። ዕቃው የአንድ ኩባንያ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው የአገሩ ሕግና የሠራተኛው ኅብረት ነው። በአሜሪካ አሠሪ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ሠራተኞቹ በሐምሌ 2011 ድምፅ ሰጥተው በ221 ለ69 የሠራተኛ ማኅበር አባል ለመሆን ወሰኑ። ፋብሪካው በ2019 መጨረሻ ተዘጋ፤ ኩባንያው የሰጠው ምክንያት የጥሬ ዕቃ ዋጋ ከአውሮፓ ይልቅ እዚህ መወደዱን ነበር።

ይኸው ኩባንያ በሌላ በኩል፣ በ2014 በአሜሪካ ባሉት ሱቆቹ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከኑሮ ውድነቱ ጋር አገናዝቦ ከፍ እንደሚያደርግ አስታወቀ። ከ2015 መጀመሪያ አንሥቶ አማካዩ 10.76 ዶላር ሆነ፤ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ 7.25 በነበረበት ጊዜ ማለት ነው። በርካሽ መሸጥና ለሠራተኛ የተሻለ መክፈል አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ ተማርን።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በ1994 በስዊድን ቴሌቪዥን የታየ ፊልም በፓኪስታን ሕፃናት ምንጣፍ ሲሠሩ አሳየ፤ ከዚያ አገር ምንጣፍ ያስመጣሉ ተብለው ከተጠሩት ኩባንያዎች አንዱ አይኪያ ነበር። ዕቃ አቅራቢዎቹ ሊያከብሩት የሚገባውን የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣው በ2000 ነው። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን የፖለቲካ እስረኞች ለእሱ በሚቀርብ ዕቃ ላይ በግዳጅ መሥራታቸውን በ2012 አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ የጀርመኑ ቅርንጫፍ ለተጎጂዎች ፈንድ 6 ሚሊዮን ዩሮ ለመስጠት የተስማማው ደግሞ በ2024 ነው። ይህ ሁሉ የመጣው ጋዜጠኛ፣ ሠራተኛና ገዢ ስለጠየቁ ነው። ዝም ቢባል ማንም ተነሥቶ አይናገርም ነበር።

በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ከእናቶቻችን አንዷ፣ «ልጆቼ፣ ድሃ አልጋ ሲገዛ ፋብሪካ መመርመር አለበት?» ብለው ጠይቀውናል። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ማንም አባል ለገዛ ቤቷ ከየት ትግዛ አንልም። የምንጠይቀው በማኅበሩ ስም፣ በለጋሾች ገንዘብ ለሚገዛው ብቻ ነው። ሦስት ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከመግዛታችን በፊት ሱቁን በጽሑፍ እንጠይቅ። ትርፍ ሰዓት በሕጉ መሠረት ይከፍላል? ዕቃውን የሚያደርሱትና የሚገጣጥሙት የራሱ ሠራተኞች ናቸው ወይስ የኮንትራክተር? አቅራቢዎቹን የሚመለከት ደንብ አለው? አፈጻጸሙንስ ማን ያያል? መልስ የማይሰጥ ሱቅ ለጊዜው ይቆይ።

ሁለተኛ፣ ፍራሽ ምንጊዜም አዲስ ይሁን፤ ጠረጴዛ፣ ወንበርና ቁም ሳጥን ግን ጠንካራ ሆኖ ተባይ እንደሌለበት ከታየ ያገለገለም እንቀበል። እናንተ ለጋሾች ከገንዘቡ ሌላ በዚህም ልታግዙን ትችላላችሁ።

ሦስተኛ፣ በየሦስት ወሩ ከስብሰባችን አንድ ሰዓት ወስደን የክፍያ ወረቀት እንዴት እንደሚነበብ እንማማር። እያንዳንዳችሁ የሠራችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ደብተር ጻፉ። ጉድለት ካያችሁ የፌዴራሉ የሥራ ሚኒስቴር የደመወዝና ሰዓት ክፍል ስልክ 1-866-487-9243 ነው። የአቤት ባዩን ስም በምስጢር ይይዛሉ፤ አቤት በማለቷ ሠራተኛዋን ማባረር በሕግ የተከለከለ ነው። መዘግየት ግን ይጎዳል፤ የኋላ ክፍያ መጠየቅ የሚቻለው በመደበኛው እስከ ሁለት ዓመት፣ አሠሪው ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ነው።

ይህ ዋጋ አለው። ዘንድሮ 12 ቤት ሞልተናል። ዋጋው ከፍ ካለ በሚመጣው ዓመት ምናልባት ሁለት ቤት ይጎድልብናል፤ ይህም ሁለት እናቶች ከነልጆቻቸው ማለት ነው። ይህን ሸፍነን ድምፅ ስጡን ብንላችሁ ሌላ ስህተት እንሠራለን። እያንዳንዳችን በወር 5 ዶላር ብንጨምርና ያገለገለ ዕቃ ብንሰበስብ ግን ጉድለቱ የሚሞላ ይመስለናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እህታችን ባለፈው ወር አቤቱታዋን አስገብታለች። ሁለት አባላት አብረዋት ሄደው ነበር። ገንዘቧ ገና አልተመለሰም፤ በቀጣዩም ቀጠሮ ብቻዋን አንልካትም። ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጣለች። ውሳኔውን ለእናንተ እንተዋለን።