ከዲሹ በፊት ገመዱ፦ የሞባይል ሞገድና የቤት ቴሌቪዥን በጂንካ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ የመነጨው ከራሴ ቤት ነው። ከቤቴ ብዙም በማይርቅ ስፍራ የሞባይል ማማ ተተከለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ማታ ማታ ዜና ስንከፍት በአንዳንድ ጣቢያዎች ላይ ምስሉ ይሰነጣጠቅ፣ ድምፁም ይቆራረጥ ጀመር። ባለሙያ ጠራሁ፤ ዲሹን አስተካክሎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ችግሩ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ሁለተኛው ባለሙያ ኤል ኤን ቢውን ቀየረ። ሦስተኛው አዲስ ሪሲቨር እንድገዛ መከረኝ፤ ገዛሁም። ጎረቤቶቼ በበኩላቸው «ማማው ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል» አሉ። በመጨረሻ ጥፋቱ የተገኘው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ሁለት ገመድ ተጠማዞ በፕላስተር ከተጠቀለለበት መቀጠያ ላይ ነው። ጎረቤቶቼ ግማሹን እውነት ይዘው ነበር፤ ሞገዱ የመጣው ከማማው ነው። በሩን የከፈተለት ግን የእኔ ገመድ ነበር።

እኔ በደመወዝ የምተዳደር መምህር ስለሆንኩ ያወጣሁትን ገንዘብ በቅሬታ አለፍኩት። ጥቂት ኩንታል በቆሎ ወይም አንድ ፍየል ሸጦ ሪሲቨር ለሚገዛ ቤተሰብ ግን ያለአግባብ የተለወጠ ዕቃ ቀላል ጉዳት አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ገንዘብ ከማውጣታችን በፊት እንዴት እናውቃለን?

በብዙ አገሮች ከተሞች ቴሌቪዥን ወደ ቤት የሚገባው ከመንገድ በተዘረጋ ኬብል ነው። እኛ ዘንድ ኬብሉ ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ ያለው አጭር ገመድ ብቻ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የአገራችን ጣቢያዎች የተሰባሰቡበት ኢትዮሳት የሚሠራጨው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ካለች ሳተላይት ነው። ከጂንካ ሆነን ስንመለከታት ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ፣ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። በምዕራብ 7 ዲግሪ ያለችው ናይልሳት ደግሞ በምዕራብ በኩል 39 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። የሞባይል ማማ ግን የቆመው መሬት ላይ፣ አድማሱ አጠገብ ነው። በዚያ ላይ ከሳተላይት የሚወርደው ሞገድ ከ10,700 እስከ 12,750 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በአፍሪካ ከተለመዱት የሞባይል ሞገዶች አንዱ 1,800 አካባቢ ነው። ስለዚህ የማማው ሞገድ በዲሹ ፊት በኩል ገባ ማለት አስቸጋሪ ነው። ዲሹን ደጋግሞ ማዞር የማይጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ በየት ይገባል? ኤል ኤን ቢው ከሰማይ የተቀበለውን ከፍተኛ ሞገድ እንዳለ ወደ ገመዱ አይልከውም፤ ገመዱ አይችለውምና። ዝቅ አድርጎ ከ950 እስከ 2,150 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ያደርገዋል። በተለመደው ኤል ኤን ቢ ከ11,700 በታች ካለው ሞገድ ላይ 9,750 ይቀነሳል፤ ከዚያ በላይ ካለው ላይ 10,600 ይቀነሳል። እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በ11,600 የሚመጣ ሥርጭት ገመዱ ውስጥ ሲገባ 1,850 ይሆናል። በ1,800ው ክልል ማማው ወደ ስልኮቻችን የሚልክበት ደግሞ ከ1,805 እስከ 1,880 ነው። ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ከ11,555 እስከ 11,630፣ እንዲሁም ከ12,405 እስከ 12,480 ባለው ውስጥ ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። የሳተላይቱ ሞገድ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ደክሞ የደረሰ ነው፤ የማማው ግን ጎረቤት ነው። ገመዱ በሚገባ የተሸፈነ ከሆነ ሁለቱ ሳይነካኩ ይኖራሉ። ሽፋኑ የሳሳ፣ በፀሐይ የተሰነጠቀ፣ ውኃ የገባበት ወይም በእጅ ተጠማዞ የተቀጠለ ከሆነ ግን ገመዱ ራሱ አንቴና ይሆናል።

አሁን ወደ ምርመራው ልለፍ። መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ነው የሚቆራረጠው?» የሚለው ነው። በበልግ ዝናብ ጊዜ ብቻ ተቋርጦ፣ ሲያባራ የሚመለስ ከሆነ ዝናቡ ነው፤ ማንንም አትውቀሱ። ማታ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን በሚጠቀምበት ሰዓት የሚብስ ከሆነ ማማውን መጠርጠር ተገቢ ነው። ቀጥሎ «የትኞቹ ጣቢያዎች ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ከጠፉ ዲሹ ተንቀሳቅሶ ወይም ኤል ኤን ቢው ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉት ብቻ ከታወኩና ያ ፍሪኩዌንሲ ከላይ ከጠቀስኩት ክልል ውስጥ ከወደቀ ጣልቃ ገብነት ሊሆን ይችላል። በሦስተኛ ደረጃ የሪሲቨሩን የሲግናል መለኪያ ክፈቱ። ጥንካሬው ከፍተኛ ሆኖ ጥራቱ ከወረደ፣ ገመዱ ውስጥ ያልተጋበዘ ኃይል ገብቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሪሲቨሩ ጥንካሬን ሲለካ እንግዳውንም አብሮ ይቆጥራልና።

ያለ መሣሪያ የሚደረግ ፈተናም አለ። ስልክ እየደወላችሁ ስልኩን ከገመዱ ጋር አስጠግታችሁ፣ ከሪሲቨሩ እስከ ዲሹ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፤ አንድ ሰው ምስሉን ይመልከት። በአንድ ቦታ ላይ ምስሉ ከተሰነጠቀ ገመዱ የሚያፈሰው እዚያ ነው። ነገር ግን ምንም ባይታይ ገመዱ ደኅና ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ስልኩ በዚያ ሰዓት ከገመዱ ክልል ውጭ በሆነ ሞገድ እየሠራ ሊሆን ይችላል።

ጥገናው ከርካሹ ይጀምር። መቀጠያዎችን አስወግዳችሁ ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ አንድ ወጥ ገመድ ዘርጉ። ስትገዙ ጫፉን ልጣችሁ ተመልከቱ፤ ስስ የብረት ወረቀትና በላዩ ጥቅጥቅ ብሎ የተጎነጎነ ሽቦ ሊኖረው ይገባል። በሁለቱም ጫፍ ያሉትን ማያያዣዎች አዲስ አድርጉ፤ ውጭ ያለውን ከውኃ ጠብቁ። ቢቻል ገመዱን ማማውን በማያየው የግድግዳ ጎን አሳልፉት። ሲግናል ማጉያ ግን አትግዙ፤ እንግዳውንም አብሮ ያጎላዋል። ኤል ኤን ቢና ሪሲቨር የሚለወጡት ይህ ሁሉ ተደርጎ መፍትሔ ሲጠፋ ነው።

ኃላፊነቱ የቤተሰቡ ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 እንግሊዝ ውስጥ በ800 ሜጋኸርዝ የአራተኛው ትውልድ ሞባይል ሲጀመር፣ በአንቴና ቴሌቪዥን ለሚያዩ ቤቶች ማጣሪያ የሚያድል አካል ተቋቁሞ፣ ወጪውን የሸፈኑት የሞባይል ኩባንያዎቹ ነበሩ። በእኛም አገር በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሬዲዮ ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን አለው። ገመዱ ታድሶ፣ ፈተናው ተደርጎ ችግሩ ከቀጠለ አቤቱታ ማቅረብ መብታችን ነው። ነገር ግን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ፍሪኩዌንሲውንና የተደረገውን ጥገና የመዘገበ አቤቱታ «ማማው ነው» ከሚል ስሞታ ይልቅ ይሰማል።

ለባለሙያዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ደንበኛ ሲጠራችሁ መፍቻውን ከማንሳታችሁ በፊት ገመዱን በእጃችሁ ዳስሱት። ለዚያ ዳሰሳ ብቻ የድካማችሁን ዋጋ ጠይቁ፤ እኛም ልንከፍል ይገባናል። ዕቃ ሳይለወጥ ለተገኘ ጥፋት መክፈል ያልለመድን እኛ ነን፤ ባለሙያውን ዕቃ ወደ መለወጥ የገፋነውም እኛው ነን።

 ከቤታችሁ የገመድ ቁራጭ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ አብረን ልጠን እንመለከተዋለን።