አፍንጫ ያለውና የሌለው

(ድምፅ፦ የከባድ መኪና ሞተር፤ የፍሬን አየር ሲተነፍስ)

ከአቃቂ ቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚተሙትን ከባድ መኪናዎች እስቲ ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ከድሮው ፊያት ኤንትሬ እስከ ዛሬው ሲኖትራክ የአብዛኞቹ ፊት ጠፍጣፋ ነው፤ ሾፌሩ የሚቀመጠው ሞተሩ ላይ ነው። በአሜሪካ ፊልም የምናየው ግን ሞተሩ ከፊት የወጣ፣ አፍንጫ ረጅም ነው።

የአውሮፓንና የአሜሪካን መኪናዎች ለያይቷቸው የቆየው ሕግ ነው። የአውሮፓ ሕብረት መኪናውን ከነተሳቢው ለክቶ በተለመደው ልኬት 16.5 ሜትር ላይ ያቆመዋል፤ አፍንጫ ከረዘመ የጭነት ቦታ ይጠባል። አሜሪካ ግን በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎቿ ላይ ተሳቢውን ብቻ ትለካለች። ጋቢናው እንዳሻው ይርዘም!

ክብደት ላይ ደግሞ ጠበቅ የምታደርገው አሜሪካ ናት፤ የፌዴራሉ ጣሪያ 36 ቶን ገደማ ሲሆን የአውሮፓው ባለ አምስት አክስል 40 ቶን ይፈቀድለታል።

አስፋልት የሚጎዳው ግን በዋናነት እያንዳንዱ አክስል ላይ የሚያርፈው ጭነት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኢሊኖይ ውስጥ የተጀመረ ሙከራ ጉዳቱ በጭነቱ አራተኛ ርቢ ገደማ እንደሚያድግ አሳይቷል። የ10 ቶኑን አክስል 13 ቶን ብታሸክሙት ጉዳቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

ሲሚንቶና ብረት የምታስጭኑ ወገኖች፣ አደላደሉንም ተቆጣጠሩ። ጭነቱ ወደ ኋላ ከተከመረ ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ቢሆንም የኋላው አክስል ጭነት ከልክ ሊያልፍ ይችላል።