በበረዶ ውርጭን መከላከል፤ ስለ ሻብሊ የወይን እርሻ የተደረገ ንግግር



ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በቡርጎኝ ሰሜናዊ ጫፍ፥ ሰረን በተባለ ትንሽ ወንዝ ግራና ቀኝ የሻብሊ የወይን አገር ይገኛል። የሻብሊ ጠጅ የሚጠመቀው ከአንድ የወይን ዘር ብቻ ነው፤ እርሱም ሻርዶኔ ይባላል። ሻርዶኔ በሞቃት አገርም ይበቅላል፤ የእኛው የስምጥ ሸለቆ እርሻ በዝዋይ ምስክር ነው። ነገር ግን ሙቀት በበዛበት ስፍራ ፍሬው ስኳር ሲያከማች ማሊክ የተባለው አሲድ ፈጥኖ ይመነምናል። በሻብሊ የሙቀቱ ወራት ልከኛ በመሆኑ አሲዱ እስከ ለቀማ ይዘልቃል፤ ጠጁም ጥርት ያለና ኮምጠጥ የሚል ይሆናል። አገሬው ምስጢሩን የሚሰጠው የጥቃቅን ኦይስተሮች ቅሪት ለሞላበት ኖራማ አፈር ነው። አፈሩ ውኃ በማንጠፍጠፍ እንደሚረዳ አያጠራጥርም፤ ድንጋዩ ራሱ በጠጁ ውስጥ ይቀመሳል የሚለው አባባል ግን ከቤተ ሙከራ ይልቅ ከነጋዴ አንደበት የወጣ ይመስላል።

ጣዕሙን የሚሰጠው ብርድ ግን አዝመራውንም ያጠፋል። በአፕሪል ወር ለጋው ቡቃያ ብቅ ሲል ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ሕዋ ትለቃለች፤ ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ያህል ሲደርስ ቡቃያው ይሞታል። በ1957 እ.ኤ.አ. የደረሰው ውርጭ አብዛኛውን ምርት አውድሟል። በዚያን ዘመን በወይን የተሸፈነው መሬት 500 ሄክታር ያህል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከ5,000 በላይ ሆኗል።

በመጀመሪያ የተያዘው ዘዴ በየረድፉ መካከል የዘይት ምድጃ ማንደድ ነበር፤ አድካሚና ውድ ነው። ሁለተኛው ለሰሚ እንግዳ ነው፤ ቡቃያውን ሌሊቱን ሙሉ ውኃ እየረጩ በበረዶ ማልበስ። አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ 334 ኪሎ ጁል ሙቀት ይለቃል። በሰዓት 4 ሚሊ ሜትር ቢረጭ ለአንድ ሄክታር 40 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈጃል፤ ሁሉም ቢረጋ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 370 ዋት ያህል ይገኛል። በጠራ ሌሊት ወደ ሰማይ የሚሸሸው ሙቀት ከ100 ዋት እምብዛም አይበልጥም። ትርፍ መስሎ የሚታየው ግን ትርፍ አይደለም፤ ከሚረጨው ውኃ ብዙው ቡቃያውን ስቶ መሬት ላይ ይወድቃል።

አደጋው ያለው በማቋረጥ ላይ ነው። እርጥብ ቡቃያ ላይ ደረቅ ነፋስ ቢነፍስ፥ የሚተነው እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውኃ 2,500 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህም ሲረጋ ከሚለቀው ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ፓምፑ እኩለ ሌሊት ላይ ቢቆም፥ ጨርሶ ካልተረጨው እርሻ ይልቅ የተረጨው ሊጎዳ ይችላል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው መቅለጥ እስኪጀምር ድረስ መርጨት ግዴታ ነው። ለዚህ ሲባል በቤን መንደር አጠገብ ሰው ሠራሽ ኩሬ ተቆፍሯል፤ መጠባበቂያ ሞተርም እንደ ዋናው ሞተር የሚቆጠር ነው።

የአየር ጠባይ እየሞቀ ሲሄድ ችግሩ የሚቃለል ይመስል ነበር። ሆኖም ሙቀቱ ቡቃያውን አስቀድሞ ስለሚቀሰቅሰው፥ የአፕሪል ውርጭ የሚያገኘው የበለጠ የለመለመ ተክል ነው፤ የ2016 እና የ2021 እ.ኤ.አ. ውርጮች ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። የውኃው ቧንቧ ያልደረሰላቸው እርሻዎች ባለቤቶችም በእነዚያ ሌሊቶች የሰም መብራት በየረድፉ እየለኮሱ ያድራሉ።