የባማኮው ሰይዱ ኬይታ

የዛሬው ባለታሪካችን የማሊው ፎቶግራፍ አንሺ ሰይዱ ኬይታ ነው። በልጅነቱ የያዘው ሙያ አናጢነት ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ግን አጎቱ ከሴኔጋል ሲመለስ አንዲት ትንሽ ኮዳክ ካሜራ ይዞለት መጣ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ማንሳትን እየሞከረ፣ ማጠብና ማተሙን ደግሞ የከተማውን ባለሙያዎች እየጠየቀ ተማረ።

በ1948 ባማኮ ውስጥ፣ ባቡር ጣቢያው አቅራቢያ ስቱዲዮ ከፈተ። ስቱዲዮ ስንል ብዙ እንዳትጠብቁ፤ የመጀመሪያው መጋረጃ የራሱ የአልጋ ልብስ፣ መብራቱም በአብዛኛው የግቢው ፀሐይ ነበር። ፊልም ውድ ስለሆነ አንድን ደንበኛ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት ትከሻውን ዘወር፣ አገጩን ቀና ያስደርገዋል። ሱፍ፣ ክራባት፣ የእጅ ሰዓት፣ ሬዲዮ፣ ስኩተር ሳይቀር ያውሳል። አበባ የበዛበት ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ አበባ በበዛበት ጨርቅ ፊት ትቀመጣለች፤ ልብሷና መጋረጃው ይቀላቀሉና ፊቷና እጆቿ ብቻ ጎልተው ይወጣሉ። ለእኔ የኬይታ ብልሃት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ማሊ ነፃ ከወጣች በኋላ የመንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ስቱዲዮውም ተዘጋ። በ1991 ሥራዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ሲታዩ አንሺው “ያልታወቀ” ተባለ። ሰውየው ግን ባማኮ ውስጥ በሕይወት ነበር! ተፈልጎ ተገኘ፤ በ1994 ፓሪስ ላይ የግሉ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀለት። ያረፈውም በ2001 እዚያው ፓሪስ ነው።