በሙሉ ድምፅ ጸደቀ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በወላይታ ሶዶ የቀረበ ንግግር)





ስለ ዴሞክራሲ እንድናገር ስጠየቅ አመንትቼ ነበር። ቃሉ ያልተነሣበት መድረክ ስለሌለ ጆሮ ጠግቦታል። ስለዚህ ከቦዲቲ፣ ከአረካና ከሁምቦ በኩል የመጡ አባሎቻችንን «ለእናንተ ዴሞክራሲ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንድ አባት «ማዳበሪያ ከዝናቡ ቀድሞ ሲደርስ ነው» አሉኝ። አንድ ወጣት «ያልሠራውን ሰው በምርጫ ማውረድ ነው» አለ። አንዲት እናት «ስናገር ሳያቋርጡ ሲሰሙኝ» አሉ። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማንም ሳይነካኝ ውሎ ማደር» አለኝ። ሳቅን። ሰውየው ግን እየቀለደ አልነበረም።

አፍሮባሮሜትር የተባለው የጥናት መረብ እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ 2,400 ሰዎችን ስለ ዴሞክራሲ ጠይቆ ነበር። አብዛኞቹ አገራችን ዴሞክራሲያዊት ናት ብለው መለሱ። ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ የተባሉ አጥኚዎች በመልሱ ተገርመው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጽሑፍ፣ ይህ ከፍርሃት የመጣ ነው፣ ካለማወቅ ነው ወይስ ሕዝቡ ለቃሉ የራሱ ትርጉም ስላለው ነው ሲሉ ጠየቁ። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ መንግሥት አይደለም። የእኛው ጠቅላላ ጉባኤ ነው። «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብለን ቃለ ጉባኤ ስንጽፍ ከሦስቱ የትኛው ነው?

በአደራጅነት በሠራሁበት ዘመን አንድ መሠረታዊ ማኅበር አውቅ ነበር። ስሙ ይቆይ። ሊቀ መንበሩ ትጉህ ሰው ነበር፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በጊዜው ያመጣል። ሪፖርቱ በየዓመቱ ያለ አንድ ጥያቄ ይጸድቅ ነበር። ኋላ ኦዲተር ሲገባ ግን የአባላቱ በቆሎ ያለ ውል በዱቤ ለነጋዴ ተሰጥቶ ገንዘቡ ሳይመለስ ቀርቶ ተገኘ። ሰውየው ለኪሱ አልወሰደም። አባላቱን «ለምን አልጠየቃችሁም?» ብላቸው «ደግ ሰው ነበር፤ እንዴት ብለን እንጠይቀው?» አሉኝ። በዚያ ዓመት የትርፍ ክፍፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ማዳበሪያ በወቅቱ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው፤ በትንሽ መሬት ለሚኖር የወላይታ ገበሬ የዓመት ቀለብ ማለት ነው። ነገር ግን ማዳበሪያ ጥሩ ጌታም ያመጣል። አባልነት ግን ሒሳቡን መጠየቅን ይጨምራል።

ሳይጠየቁ የተደረገ ነገር ምን እንደሚያስከትል በዚህ ዞን በሚገባ እናውቃለን። በደርግ ጊዜ የተቋቋሙት የአምራቾች ማኅበራት በመጋቢት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ እንደታወጀ ወዲያው ፈረሱ። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል የተዘጋጀው መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ተቃውሞ አደረገች። ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ታሰሩ። መጽሐፉ ቀረ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ቆጠራም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በጥር 2015 ዓ.ም. የተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በዞናችን በታዩ ግድፈቶች ምክንያት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ድምፅ መስጠታችንን አልረሳነውም።

ሽማግሌዎቻችን «ድምፅ መቁጠር ወንድማማቾችን ይለያያል፤ በዱቡሻ ተቀምጠን እስክንስማማ መነጋገር ይሻላል» ይላሉ። እኔም ከቆጠራ በፊት እንዲህ መነጋገርን እወዳለሁ። ግን በዚያ የመሰብሰቢያ ሜዳ ሴቶችና ሸክላ ሠሪዎች የት ነበሩ? ስምምነቱ የተቀመጡት ሰዎች ስምምነት ነበር። ዛሬም መዝገባችንን ብትገልጡ ብዙው አባል ባል ነው፤ ዝንጅብሉን የኮተኮተችው ሚስት ድምፅ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ የተሰባሰቡት ሸማኔዎች ካወጡት ደንብ ጀምሮ፣ በእኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ ዕጣው ብዙም ይሁን ጥቂት አንድ አባል አንድ ድምፅ ነው የተባለው። ይህን ስናገር የሚቆጡ ባሎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይቆጡ።

ከምሳ በኋላ ትርፉ ይከፋፈል ወይስ መጋዘን ይሠራበት የሚለው ጉዳይ ይቀርብላችኋል። የኦዲት ሪፖርቱ ሁላችሁም እንድትሰሙት በወላይትኛ እንዲነበብ፣ እጅ ከመውጣቱ በፊትም «የሚቃወም አለ?» ሳይሆን «የሚጠይቅ አለ?» እንዲባል ሰብሳቢውን ለምኛለሁ። እሺ ብለውኛል። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚጠይቅ ከጠፋ እኔ እጠይቃለሁ፤ የመጋዘኑ ጨረታ ሦስት ተወዳዳሪ እንዴት አጣ?